ከወንበር ቁጥር ዘጠኝ፣ ስለጎደለችው አንዲት ቃል

ይድረስ ለተከበሩ የከፍተኛ ኔትወርክ ማሠልጠኛ ማዕከል ዋና ዳይሬክተር፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ እያልኩ፣ የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ የጽሕፈት ቤትዎም የአየር ማቀዝቀዣ ጤና እንደምን ሰንብቷል ብዬ እጠይቃለሁ። በተለይ ቀኝ ክንድዎ ደህና ይሆን? የዛሬ አሥር ቀን ዓርብ ዕለት በደረጃው ሥር ስልክዎን ከፍ አድርገው መብራት ይዘውልኝ ስለነበር፣ ክንድዎ ዝሎ እንዳይሆን ስሰጋ ሰንብቻለሁ። ይህን ውለታዎን በማግስቱ ባወጡት ሪፖርት ላይ ፈልጌ ባጣው ጊዜም፣ መቼም ጨዋ ሰው የሠራውን በጎ ሥራ በአደባባይ አያወራም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ስሜን ብጽፍልዎ አያውቁኝም፤ በማዕከልዎ የተጠራሁት በወንበሬ ቁጥር ብቻ ነውና። ወንበር ቁጥር ዘጠኝ ነኝ። ከማዕከልዎ ውጭ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የአንድ ሆስፒታል የኔትወርክ ባለሙያ ሆኜ ኖሬያለሁ፤ የላቦራቶሪው ውጤት ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ በጊዜው እንዲደርስ፣ ካርድ ክፍሉም የአንዱን በሽተኛ ካርድ ለሌላው እንዳይሰጥ ገመዱንና ሳጥኑን የምጠብቀው እኔ ነኝ። አለቃዬ በጻፉት ደብዳቤ መሠረት እስከዚህ ወር መጨረሻ የከፍተኛ ኔትወርክ ሰርተፍኬት ያላመጣ ባለሙያ ከሰርቨር ክፍል ተነስቶ መዝገብ ቤት ይገባል። ከወሩ መጨረሻ በፊት የቀረው ፈተና አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የፊታችን ሐሙስ ይሰጣል። እርስዎ ደግሞ በመልካም ፈቃድዎ ለስድስት ወር ከፈተና አግደውኛል። ከዛሬ ሰኞ እስከ ሐሙስ ያለችው ጊዜ እንግዲህ የእኔ የአሥራ አንድ ዓመት እንጀራ የተንጠለጠለባት ናት።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ ለመጻፍ የተገደድኩት፣ ለብቻዎ የጻፍኳቸው ሦስት ማመልከቻዎች «እየታየ ነው» በሚባለው ሥፍራ ጋደም ብለው ስለቀሩ ነው። ዕረፍታቸውን ላለመረበሽ አራተኛውን ለሕዝብ አድርጌዋለሁ። ምስጋናዬንም በተራ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ፤ ማዕከልዎ ያለ ተራ ቁጥር ሰውንም ነገርንም እንደማያውቅ ተምሬያለሁና።

አንደኛ፣ ስለ መለማመጃ መሣሪያዎቹ አመሰግናለሁ። ማስታወቂያዎ «ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ የራሱ መሣሪያ» ይል ነበር። ወረቀቱን ለእማዬ ባነበብኩላት ጊዜ «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» አለችኝ፤ እኔም ስለ ኮምፒውተር ምን ታውቃለች ብዬ ናቅኳት። ገብተን ስናይ ለአሥራ ስድስት ሠልጣኝ የቀረቡት ሦስት ስዊቾች ነበሩ፤ ስዊች ማለት ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ የሚያገናኘው ሳጥን ነው። ከሦስቱም ሁለቱ ከፊታችን ጠረጴዛ ላይ ሲሆኑ ሦስተኛው ደረጃው ሥር በተቆለፈ ካቢኔት ውስጥ ስለነበር በሩቁ፣ በገመድ ነበር የምናዘው። ያ ሳጥን ለካ የሕንፃው ሁሉ ነበር፤ መዝጋቢዋ፣ የእርስዎ ቢሮ፣ ከላይ ፎቅ ያለው የፈተና አዳራሽ ሳይቀር በእሱ ነበር የሚያልፉት። ይህን በመጀመሪያው ቀን አይቼ ሰው የሚሠራበት ሳጥን ላይ እንዴት እንለማመዳለን ብዬ ብጠይቅ «ለጊዜው ነው» ተባልኩ። ለካቢኔቱ በር የተለጠፈውን «አትንኩ» የሚል ወረቀት አቧራ ስጠርገው ግን ከሥሩ የተጻፈው ቀን ሦስት ዓመት ያለፈው ነበር። የእርስዎ ጊዜ ረጅም ዕድሜ ይስጠው።

ሁለተኛ፣ ስለ ፍጥነቱ አመሰግናለሁ። የአራት ወር ትምህርት በአምስት ቀን መስጠት ቀላል ሙያ አይደለም። መምህራችን ከግድግዳው ላይ አንድ ገጽ ካነበቡ በኋላ «ቀጥሎ» ስለሚሉ ስማቸው በመካከላችን «ቀጥሎ» ሆኖ ቀረ። ጥያቄ ስናነሳ «እሱ ወደፊት ይመጣል» ይሉናል፤ ወደፊት ሄደን ስንጠይቅ ደግሞ «እሱማ አልፏል» ይሉናል፤ መቼ እንደመጣ ግን ያየ ሰው የለም። ከጎኔ በወንበር ቁጥር ስምንት የሚቀመጡት፣ ሠላሳ ዓመት የስልክ መስመር ሲጠግኑ የኖሩት ጋሼ፣ በሦስተኛው ቀን መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ «ልጄ፣ እኛ ሰፈር አውቶቡስ እንኳን ሰው ሲያወርድ ይቆማል» አሉኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የማዕከልዎ ልዩ ችሎታ ግን እንዲፈታም ጊዜ አለመስጠቱ ነው።

ሦስተኛ፣ በደብተሬ ስለሳቃችሁብኝ አመሰግናለሁ። እኔ ሥራ በጀመርኩበት ሆስፒታል ያስተማሩኝ ሰው አንድ ሕግ ነበራቸው፤ «ከመንካትሽ በፊት እንደነበረ ጻፊው» ይሉኝ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ እንዲህ የነበረ ይመስለኛል ብሎ ሥራ የለምና ይህ ልማድ ከእጄ አልወጣም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የሦስተኛውን ሳጥን መዝገብ ከፍቼ፣ በመስመሩ እንዲያልፉ የተፈቀዱትን የኔትወርክ ክፍሎች ቁጥር አንድ በአንድ፣ አሥራ ሁለት ቁጥር፣ በእስክሪብቶ ገለበጥኩ። መምህር «ቀጥሎ» ይህን አይተው «በዚህ ዘመን በእስክሪብቶ! እናታችን፣ የወተት ሒሳብ ነው እንዴ የምትይዢው?» ሲሉ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ሳቁ ግን ሆዴ ውስጥ አልገባም ነበር።

አራተኛው ምስጋናዬ ልክ እንደ መማሪያ መጽሐፋችን አርባ ገጾች ኮፒ ሲደረግ ስለጠፋ፣ በእርስዎ ይቅርታ ወደ አምስተኛው አልፋለሁ። ቀጥሎ።

አምስተኛ፣ ስለዚያ ዓርብ። የተግባር ምዘና ቀን ነበር። በጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ከመጽሐፉ ቃል የወጣ ነጥብ ይቀነስበታል፤ ከሰባ በታች ያገኘ የፈተና መግቢያ ወረቀት አይሰጠውም» ተብሎ ተጽፏል። ዕጣ ወጣ፤ ለእኔ ሦስተኛው ሳጥን ደረሰኝ። ሥራው ቀላል ነበር፤ ዘጠና የሚባል አንድ የመለማመጃ ክፍል በዋናው መስመር እንዲያልፍ መፍቀድ ብቻ። መጽሐፉን ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ገለጥኩ፤ ትእዛዙም በአንድ መስመር ተጽፎ አየሁት፤ ከትእዛዙም አንዲት ቃል ጎድላ አየሁ።

ነገሩ ለማያውቀው ሰው እንዲህ ነው። ዋናው መስመር በር ላይ እንደቆመ ጥበቃ ነው፤ እጁ ላይ የሚያልፉት ክፍሎች ቁጥር የተጻፈበት ዝርዝር ይዟል። «ዘጠናን ጨምር» ቢሉት ዘጠናን ከነባሮቹ ሥር ይጽፋል። «ጨምር» የምትለዋን ቃል፣ በሙያችን «አድ» የምንላትን፣ ዘለው «ዘጠና» ብቻ ቢሉት ግን ጥበቃው አይከራከርም፤ የድሮውን ዝርዝር ቀዶ ይጥልና ዘጠናን ብቻ ያሳልፋል፤ የቀረው ሁሉ ደጅ ይቀራል። በዚህች ቃል ያልተቃጠለ የኔትወርክ ሰው ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። በገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ የለችም። ከላይ ፎቅ ደግሞ በዚያች ሰዓት አሥራ አራት ሰዎች ፈተና ላይ ተቀምጠው ነበር።

እጄን አወጣሁ። መምህሩ ከኋላዬ መጥተው ቆሙና፣ ቃል ጎድላለች ብዬ በጣቴ ባሳያቸው፣ ሰዓታቸውን እያዩ «እንዳለ ጻፊው፤ መጽሐፉን ያረሙት ካንቺ የሚበልጡ ናቸው፤ ጊዜ አትግደዪ» አሉኝ። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኼ ነው። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ የምጽፈውን የሚጽፍ ተከሳሽ ብዙ አያጋጥምዎትምና ደግመው ያንብቡት፤ አውቅ ነበር። ያቺ መስመር ምን እንደምታደርግ አሥራ አንድ ዓመት አውቃታለሁ። ግን መዝገብ ቤቱ ታየኝ፤ ሰባ ነጥቡ ታየኝ፤ ፈራሁ። እንዳለ ጽፌ ተጫንኩት።

መጀመሪያ የሆነ ነገር የለም። ከዚያ የመምህሩ ግድግዳ ላይ ያለው ምስል ባለበት ቆመ፤ በአምስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜም «ቀጥሎ» ሳይሉ ቀሩ። ከኮሪደሩ የመዝጋቢዋ ድምፅ «ኧረ ኔት ጠፋ!» ሲል ተሰማ። ከላያችን አንድ ወንበር ሲጎተት፣ ቀጥሎም ብዙ ወንበሮች ሲጎተቱ ሰማን። በፈተና አዳራሹ በር ላይ የተለጠፈውን ሕግ ሁላችንም በቃል እናውቀው ነበር፤ መስመሩ ተቋርጦ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያልተመለሰ ፈተና ይሰረዛል። ወንበር ቁጥር ስምንት ሰዓታቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ ከዚያ በኋላ ዓይኔ ከዚያች ሰዓት ላይ አልተነሳም።

ከክፍላችን ሆነን ሳጥኑን በሩቁ ልናዘው አልቻልንም፤ እኛም ደጅ ከቀሩት አንዱ ነበርንና። የቀረው መንገድ ካቢኔቱን ከፍቶ ገመድ በቀጥታ መሰካት ብቻ ነበር። ካቢኔቱ ተቆልፏል። ቁልፉ አንድ ነው፤ ቅጂ የለውም፤ ያለውም በእርስዎ ኪስ ነው፤ እርስዎም ስብሰባ ላይ ነዎት፤ ይህን ሁሉ ጸሐፊዎ በአንድ ትንፋሽ ነገሩን። የቴክኒክ ክፍልዎ ኃላፊ እርስዎን ፍለጋ በአንደኛው ደረጃ ሲወጡ እርስዎ በሌላኛው ወረዱ። ስድስት ደቂቃ ሄደ። የደረጃው ሥር አምፖል ተቃጥሎ ስለነበር ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ ለማስገባት ሁለት ጊዜ ሞክረው አልገባልዎ ቢል፣ ቁልፉን በእኔ መዳፍ ላይ አድርገው ስልክዎን አበሩልኝ። ተንበረከክሁ። ከቦርሳዬ ገመዴን አውጥቼ ሰካሁ። ጋሼ ከላዬ ጎንበስ ብለው ያን የተሳቀበትን ደብተር እያነበቡ ቁጥሮቹን ጠሩልኝ፤ አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ ሃያ እያሉ እስከ አሥራ ሁለተኛው። በዚህ ጊዜ ያቺን ቃል አልዘለልኳትም። ጋሼ ሰዓታቸውን አይተው «ዘጠኝ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ» አሉ፤ ከላይም «መጣ! መጣ!» የሚል ሰማን። ከአሥራ አራቱ የአንዱም ፈተና አልተሰረዘም። እርስዎም «እሰይ፣ እሰይ የኔ ልጅ» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እኔም እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ስድስተኛ፣ በማግስቱ ጠዋት በሰሌዳው ላይ ስለተለጠፈውና ፈተናውን ለሚሰጠው አካል፣ በግልባጭም ለአለቃዬ ስለተላከው ሪፖርት አመሰግናለሁ። ውበቱን ላለማጉደል ቃል በቃል እጠቅሰዋለሁ። «በሠልጣኝ ቁጥር ዘጠኝ ከመመሪያ ውጭ በተፈጸመ ድርጊት የተፈጠረው መቋረጥ፣ የቴክኒክ ክፍላችን ካቢኔቱን ወዲያውኑ በመክፈት ባደረገው ብርቱ ርብርብ ሊፈታ ችሏል። ጥፋተኛዋም ለስድስት ወር ከፈተና ታግዳለች።» ከመመሪያ ውጭ! እኔ እኮ ሙያዬን፣ ዕውቀቴንና ሕሊናዬን ጥዬ መመሪያውን ብቻ የተከተልኩት በዚያች አንዲት ቅጽበት ነበር። ብርቱ ርብርብ ያደረጉት ኃላፊዎም ከፎቅ ሲወርዱ እኔ ገመዴን እየጠቀለልኩ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ነውር ስለሚሆንብኝ አልለውም።

አልናደድኩም ብል እዋሻለሁ። ነድጃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ደብተሬን ልወስድ ስመጣ ከእነዚያ አሥራ አራት አንዷ በኮሪደሩ ላይ «እቺ ናት» ብላ ለጓደኛዋ ስታሳየኝ ሰምቻለሁ። አለቃዬ ሪፖርቱን ፊቴ ላይ አድርገው «የአንድ ክፍል ኔትወርክ ላይ እንዲህ ከሆንሽ፣ ሆስፒታሉን የሚያህል ነገር እንዴት አድርገን እንመንሽ?» ሲሉኝ፣ በእጄ ያለፈውን አሥራ አንድ ዓመት ሳላነሳ ወረቀቱን አጥፌ ወጣሁ። እማዬም ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ትልቁን ፈተና ልትፈተን ነው» ስትል ሰንብታ፣ አሁን ሲጠይቋት «ተራዘመ» ትላቸዋለች። በሰባ ዓመቷ ውሸት ያስተማራት ማዕከልዎ ነው፤ ይህንም በሥልጠና ዝርዝርዎ ውስጥ ቢያካትቱት። ነገሩን ስነግራት ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው ያለችው፤ ስለ ኮምፒውተር ምን ታውቃለች ብዬ እንዳልንቃት አሁን ተምሬያለሁ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የምጠይቅዎ ስሜ ከጥፋተኞች ዝርዝር እንዲፋቅ አይደለም። የተጫነው ጣቴ ነው፤ የተጫንኩትም እያወቅኩ ነው፤ ስለዚህ እዚያው ልኑርበት። የምጠይቅዎ እርስዎም ልክ እንደ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አንዲት ቃል መርሳትዎን እንዲያስተውሉልኝ ነው። ስሜን ዝርዝሩ ላይ ሲያሰፍሩ «ጨምር» ሳይሉ ስላሰፈሩት፣ ነባሮቹ በሙሉ ተቀደው ወደቁ፤ ያን ገጽ ያሳተመው፣ ሳጥኑን ሦስት ዓመት «ለጊዜው» ያለው፣ «እንዳለ ጻፊው» ያሉት መምህር፣ አንዱን ቁልፍ ይዘው ስብሰባ የገቡት ሁሉ ወጡና በዝርዝሩ ላይ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ዝርዝሩን እንደነበረ ይመልሱት፤ እኔን ከመጨረሻው ላይ ይጨምሩኝ። ከዚያ በኋላ ከሌሎቹ ጥፋተኞች ጋር እኩል ይቅጡኝ። እነሱ ዛሬ ጠዋት ሁሉም ሥራቸው ላይ ናቸው፤ እኔም ሐሙስ ፈተናዬ ላይ ልቀመጥ።

ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ማለትም በዚያ ዕለት በደረጃው ሥር እንደተንበረከክሁት ሳይሆን ለአክብሮት ያህል ብቻ ዝቅ ብዬ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማዕከልዎ አጭር «ለጊዜው»፣ ለደረጃው ሥርም አዲስ አምፖል እየተመኘሁ፣ የዘወትር አክባሪዎ፣

ወንበር ቁጥር ዘጠኝ

ግልባጭ፦
ፈተናውን ለሚሰጠው አካል፤
ለሆስፒታሌ ሥራ አስኪያጅ፤
ለወንበር ቁጥር ስምንት፣ በከፍተኛ ምስጋና፤
ዛሬ ጠዋት ለገቡት አዲስ ሠልጣኞች፣ ዓርብ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ስለሚደርሱ፤
ለእማዬ፣ ለጎረቤቶቿ እንድታነብላቸው።

ተጨማሪ ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በያዘው ፖስታ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቁልፍ ያገኛሉ። ያቺ ቅጂ የሌላት የካቢኔቱ ቁልፍ ናት። ያን ዕለት መዳፌ ላይ ካስቀመጡልኝ በኋላ ከእንባዬ ጋር ኪሴ ውስጥ ገብታ ቀረች፤ ከዚያ ዓርብ እስከ ዛሬ አሥር ቀን ሙሉም የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። የቴክኒክ ክፍልዎ ካቢኔቱን «ወዲያውኑ» የከፈተው በየትኛው ቁልፍ እንደሆነ ፈተናውን የሚሰጠው አካል ቢጠይቅዎ፣ መልሱን ከወዲሁ ቢያስቡበት መልካም ነው። ቁልፏን በደህና ይረከቡኝ፤ እኔም እንደ ልማዴ፣ ከእጄ ከመውጣቷ በፊት በላይዋ የተቀረጸውን ቁጥር በደብተሬ ገልብጬዋለሁ።